ሽንት ሲያመልጥ፦ ደሴ ላይ ከፊዚዮቴራፒ ክፍል የተማርኩት

ይህን የምጽፈው ሊያስነጥሳት ሲል እግሯን ለምታቆላልፍ ሴት ነው። ሰው አፉን ሲሸፍን እሷ ጉልበቷን ትገጥማለች። ሠርግ ቤት ሳቅ ሲደምቅ እሷ ፈገግ ብላ ታልፋለች። ቀሚሷ ጥቁር ነው፤ እርጥበት አያጋልጥም። የወር አበባዋ ባይሆንም ቦርሳዋ ውስጥ ሞዴስ አይጠፋም። ሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚፈልገው ሽንት ቤቱን ነው።

የምኖረው ደሴ ነው። ልባሽ ጨርቅ እነግዳለሁ። ቦንዳ ማውረድ፣ መፍታት፣ የተረፈውን አስሮ መመለስ የዕለት ሥራዬ ነው። አራት ልጆች ወልጃለሁ። የመጨረሻው ሲወለድ ከ4 ኪሎ በላይ ነበር፤ ምጡም ከሌሎቹ ረዘመ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ነገር ባነሳሁ ቁጥር ጠብ ይል ጀመር። እየቆየ ደግሞ በሳል፣ በሳቅ፣ ልጅ ብድግ ሳደርግ፣ ከሚኒባስ ስወርድ ሁሉ ሆነ።

ለእናቴ ነገርኳት። «ወልደሽ የለ እንዴ? እኔስ መቼ ቀረልኝ» አለችኝ። አክስቴ ደግሞ ብርድ ነው አለች። ደሴ ላይ ብርድ የማይወቀስበት በሽታ የለም። ፌጦ ጠጪ፣ ወገብሽን አሙቂ ተባልኩ። ፌጦው አልጎዳኝም። ሽንቴንም አላቆመልኝም።

ከሁሉ የከበደኝ ሰላቱ ነው። ዉዱእ፣ ማለት የሰላት ትጥበት፣ አድርጌ ቆሜ፣ ከሩኩዕ ቀና ስል ወይም ከሱጁድ ስነሳ ጠብ ይላል። እንደገና ዉዱእ። የደሴ የሱብሒ ውሃ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፤ እሷ ደግሞ ቅዳሴ መቆም ትታ ነበር። ግድግዳ ለግድግዳ ተጠግተን ስንኖር፣ በየቀኑ ቡና አብረን ስንጠጣ፣ አንዳችን ለአንዳችን ትንፍሽ አላልንም። ስለ ጨጓራ ይወራል፣ ስለ ግፊት ይወራል፣ ስለ ባልም ይወራል። ይሄ ግን አይወራም።

ለሙስሊም እህቶቼ አንድ ነገር ላስገባ። ሽንት የማይቆምለት ሰው በሸሪዓ ዑዝር፣ ማለት ተቀባይነት ያለው ምክንያት፣ አለው፤ ለየሰላቱ ወቅት ዉዱእ አድርጎ መስገድ የሚችልበት ድንጋጌ አለ። የማን ዑዝር እንዴት እንደሚታይ ግን ዝርዝር ስላለው የሚያውቅ ሸይኽ ወይም ኡስታዛ ጠይቂ። ስንት ሰው የጠየቃቸው ነገር ነው፤ አይደነግጡም። ዑዝር አለኝ ብሎ ሕክምናውን መተው ግን ሌላ ነገር ነው።

ሐኪም ቤት የሄድኩትም ለሽንቴ አልነበረም፤ ለሳል ነው። ለደም ግፊት ኤናላፕሪል የሚባል ክኒን እወስድ ነበር። ደረቅ ሳል ያዘኝ፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ሐኪሟ እየጻፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል «ሳሉ ሲመጣ ሽንት ያመልጥዎታል?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «አዎ» አልኩ፤ ከአፌ ወጣ። ለካ ይህ ክኒን አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። በሌላ ቀየረችልኝና ሳሉ ቀስ በቀስ ተወኝ። ሳል በቀነሰ መጠን ሽንቱም ቀነሰ፤ ግን አልቆመም። አንቺም እንዲህ ከሆንሽ የግፊት መድኃኒት በራስሽ እንዳታቆሚ። ለሐኪሙ ንገሪው፤ መቀየር የእሱ ሥራ ነው። ሽንት የሚያበዙ የግፊት ክኒኖችም አሉ፤ የምትወስጂውን ሁሉ ይዘሽ ሄደሽ አሳዪ።

ከዚያ ምርመራው ቀጠለ። ሽንቴ ታየ፤ ኢንፌክሽን ካለ መጀመሪያ የሚታከመው እሱ ነው። ስኳሬም ተለካ፤ ስኳር ከፍ ሲል ሽንት ይበዛል። በመጨረሻ አልጋ ላይ አስተኝታኝ ማህፀኔ ወደ ታች ወርዶ እንደሆነ አየች። «አሁን ይሳሉ» አለችኝ። ሳልኩ። ጠብ አለ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እሷ ግን «ጥሩ፣ ማየት የፈለግኩት ይህን ነው» ብላ ጓንቷን አወለቀች። ማህፀኔ ቦታው ላይ ነው። በአካል እንቅስቃሴ ወደሚያክመው፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚል ወረቀት ጻፈችልኝ።

ፊዚዮቴራፒ? እኔ የማውቀው እግሩ ለተሰበረና ግማሽ አካሉ ለማይታዘዝለት ነው። ክፍሉ ስገባም ያየሁት እሱን ነው። አንድ ሽማግሌ ሁለት ብረት መሃል ቆመው እርምጃ ይለማመዳሉ። አንድ ጎረምሳ ጉልበቱ ላይ የአሸዋ ከረጢት ታስሮለት እግሩን ያነሳል፤ ኳስ ሲጫወት ነው የተጎዳው። ተሳስቻለሁ ብዬ ልወጣ ስል አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ወረቀቴን ተቀብላ ከመጋረጃው ጀርባ ወሰደችኝ። ልጄን ታክላለች። የሰማሁትን ሁሉ ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያሉትን አባት አስባ ነው። ይህ አነጋገሯ ብቻውን ግማሽ ሕክምና ሆነልኝ።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ «መቼ መቼ ነው የሚያመልጥዎት?» ብላ ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይለያል። በሳል፣ በማስነጠስ፣ በሳቅ፣ ዕቃ በማንሳት የሚያመልጥ አለ፤ ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ድንገት ሲጨምር በሩን የሚዘጋው ጡንቻ አይችለውም። የእኔ ይህ ነው። ሌላው ደግሞ ሽንት ድንገት መጣሁ መጣሁ ብሎ ሽንት ቤት ሳትደርሺ የሚቀድምሽ ነው። የውሃ ድምፅ ስትሰሚ፣ ቁልፍ በር ላይ ስታስገቢ ይብሳል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሽንት ፊኛው ነው፤ ሳይሞላ ይኮማተራል። ሁለቱ አብረው ያሉባት ሴትም ብዙ ናት።

ሦስተኛውን ደግሞ ለይቼ ልጻፈው። ከአስቸጋሪ ምጥ በኋላ፣ በተለይ ምጡ ቀናት ከፈጀ፣ ሽንት ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ያ የጡንቻ ድክመት ላይሆን ይችላል፤ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ ሳይወጣ ሲቆይ ጭንቅላቱ ሥጋውን ተጭኖ ያበላሸዋል፤ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። ቀዳዳ በስፖርት አይደፈንም፤ የሚዘጋው በቀዶ ሕክምና ነው። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤቷ ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 የአዲስ አበባውን የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት ለዚህ ነው። ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ሕክምናው በነፃ ነው። ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት የሚያስቸግራቸው ሴቶች አሉ፤ ፊዚዮቴራፒ እነሱንም ያግዛል። ገጠር ያለች ዘመድ ካለችሽና «ከወለደች ጀምሮ ሽንቷ አይቆምም» ሲባል ከሰማሽ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ተይውና ይህን አንቀጽ ንገሪያት።

ወደ መጋረጃው ልመለስ። ልጅቷ የዳሌ ወለል ጡንቻ ስለሚባለው ነገረችኝ። ከፊት ካለው አጥንት ተነስቶ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንታችን ተዘርግቷል። የሽንት ፊኛውን፣ ማህፀኑንና የሰገራ መውጫውን ከሥር ይዞ ያቆማል። አያቴ ቤት የነበረው የጠፍር አልጋ ትዝ አለኝ። ጠፍሩ ሲላላ የተኛበት ሰው ወደ መሃል ይሰምጣል፤ አልጋውን ግን አይጥሉትም፣ ጠፍሩን መልሰው ይወጥሩታል። እንዲህ አልኳት። ሳቀችና «ልክ ነዎት፤ ልዩነቱ ይህን ማንም ከውጭ አይወጥርልዎትም፣ ራስዎ ነዎት» አለችኝ።

እርግዝና ያላላዋል። በማህፀን መውለድ፣ በተለይ ትልቅ ልጅና ረጅም ምጥ፣ ይለጥጠዋል። ከዚያ በላይ ለዓመታት ውሃ በጀሪካን፣ ማገዶ በጀርባ መሸከም አለ። የሆድ ድርቀት ያለባት ሴት በየጠዋቱ ስታምጥ ወደ ታች ትገፋዋለች። ክብደት መጨመርም፣ የወር አበባ መቆምም፣ የማይለቅ ሳልም አለ። ስለ አራስ ቤት መቀነትም ጠየቅኳት። ደግፎ መያዙ ወገብ ያሳርፋል፣ ትንፋሽ እስኪያጥር ማጥበቁ ግን አይጠቅምም አለችኝ፤ ሆድ ሲጨመቅ ግፊቱ መሄጃው ወደ ታች ነው።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ጡንቻውን ማግኘት።

ቀላል ይመስላል። አይደለም። «ፈስ እንዳያመልጥዎ እንደሚይዙት አድርገው ይሳቡ፤ ከዚያ ያንኑ ወደ ፊት፣ ሽንት እንደሚይዙ አድርገው ይሳቡት» አለችኝ። ሳብኩ። እሷ አንድ እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ነበር። «ሆድዎ ጠነከረ። መቀመጫዎም ከአልጋው ተነሳ። መቀመጫዎን ይተዉት፣ የእሱ ሥራ አይደለም» አለች። ከዚያ ፈቃደኛነቴን ጠይቃ፣ ጓንት አድርጋ፣ በአንድ ጣት ከውስጥ መረመረችኝ። «ጣቴን ጨብጠው ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ ይሳቡት።» ይህ ነው ሁሉን የለየው። ስትስቢ ጣቱ ይያዛል፣ ወደ ላይም ይሄዳል። ስታምጪ ደግሞ ይገፋል። ብዙ ሴት በቃል ብቻ ሲነገራት የምታደርገው ሁለተኛውን ነው፤ ያ ደግሞ ጡንቻውን ጭራሽ ያደክመዋል። ስለዚህ ነው ከስልክ ቪዲዮ አይቼ እሠራለሁ ለምትል ሴት፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ ለሚያውቅ ሰው ታሳይ የምለው።

የውስጥ ምርመራውን ካልፈለግሽ ግዴታ አይደለም። ባለሙያው ወንድ ከሆነ ሴት ትኑርልኝ ማለት መብትሽ ነው። የውስጥ ምርመራ ለማይፈልጉ ሴቶች ልጅቷ የምታሳየው የፎጣ ዘዴ አለ። የእጅ ፎጣ ተጠቅልሎ ጠንካራ ወንበር ላይ በርዝመቱ ይቀመጣል። ፎጣው በእግርሽ መሃል እንዲሆን ትቀመጪበታለሽ፤ ቀጥ ብለሽ፣ ሁለት እግርሽ መሬት ላይ። ስትስቢ ከፎጣው ላይ ትንሽ የሚለቅ ነገር ይሰማሻል። ወደ ፎጣው የሚጫን ነገር ከተሰማሽ እያማጥሽ ነው፤ አቁሚና እንደገና ጀምሪ። እኔ እስካሁን ይህን ፎጣ እቀመጥበታለሁ፤ ልጆቼ የወገብ ነው የሚመስላቸው።

ትንፋሽ መያዝ ሌላው ጣጣ ነው። የሚያድነው ጮክ ብሎ መቁጠር ነው፤ እየቆጠሩ ትንፋሽ መያዝ አይቻልም። ጭን አይገጥም፣ ፊትም አይጨማደድ። በትክክል የምትሠራ ሴት አጠገብ ብትቀመጪ ምን እየሠራች እንደሆነ አታውቂም።

የተሰጠኝ ሥራ ይህ ነው። ስቦ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ መያዝ፣ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ ቢያንስ የያዙትን ያህል ማረፍ። ይህን ከ8 እስከ 10 ጊዜ። ከዚያ ፈጠን ፈጠን እያሉ 10 ጊዜ መሳብና መልቀቅ፤ ሳልና ማስነጠስ ቀድሞ አይነግርምና ጡንቻው ፈጥኖ መያዝም መልመድ አለበት። ይህ በቀን 3 ጊዜ ነው። ጡንቻው ሲጠነክር መያዣው ቀስ በቀስ ወደ 10 ሰከንድ ይሄዳል። መጀመሪያ ተኝቶ፣ ሲለመድ ተቀምጦ፣ በኋላ ቆሞ። መልቀቁን አትናቂው፤ ሁልጊዜ የተወጠረ ጡንቻም በጊዜው አይሠራም። አንዳንዶቹ ለመለማመድ ሽንታቸውን መሃል ላይ እያቆሙ ይሸናሉ። ይህ ልማድ መሆን የለበትም፤ ፊኛው ሙሉ በሙሉ እንዳይጨርስ ያደርገዋል።

መርሳትን በሰላት ነው ያሸነፍኩት። ከዙህር፣ ከአስርና ከኢሻ በኋላ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥኩ እሠራለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ ጠዋት ከጸሎት በኋላ፣ ቡና ስትቆላና ማታ ልትተኛ ስትል አልጋዋ ላይ ትሠራለች። አንቺም የማይቀር ነገር ፈልጊና ከሱ ጋር እሰሪው።

በጣም የወደድኩት ትምህርት ግን ሌላ ነው። ልታስዪ ወይም ልታስነጥሺ ስትዪ፣ ከመምጣቱ አንድ አፍታ ቀድመሽ ትስቢያለሽ፤ እስኪያልፍ ይዘሽ ትቆያለሽ። በቃ። ቦንዳ ሳነሳም እንዲሁ፦ ጉልበቴን አጥፌ ዝቅ እላለሁ፣ እስባለሁ፣ ትንፋሼን እያወጣሁ እነሳለሁ። ድሮ ትንፋሼን ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር የማነሳው፤ ገበያው ውስጥ ያለን ሴቶች ሁላችንም እንደዚያ ነን። ቦንዳውንም ለሁለት ከፍዬ ማንሳት ጀምሬያለሁ። የሚያወርዱት ልጆች «እትዬ ደከሙ እንዴ?» ይሉኛል። ይበሉ።

ይህ ስፖርት የአንድ ሐኪም ቤት ፈጠራ አይደለም። አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ጽፎበታል፤ በብዙ አገር እስካሁን በስሙ «ኬግል» ይሉታል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ፈልጋ አነበበችልኝ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ኮክሬን የሚባል ድርጅት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምገማ ከ14 አገሮች 31 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል። እንደኔ በሳልና በማንሳት ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል ስፖርቱን ከሠሩት 56 በመቶው ድኛለሁ ብለዋል፤ ካልሠሩት 6 በመቶ ብቻ። 56 መቶ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ፌጦ ይህን ቁጥር አያመጣም።

ጊዜ ይወስዳል፤ ይህን ቀድመሽ እወቂ። የሚመከረው በባለሙያ ክትትል ቢያንስ 3 ወር ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አላየሁም። ልተወው ነበር። ልጅቷ ከውስጥ ስትመረምረኝ ግን «አሁን ይዞ ይቆያል፤ ድሮ ወዲያው ይለቅ ነበር» አለችኝ። ለውጡ ልብስ ላይ ከመታየቱ በፊት ጡንቻው ላይ ይታያል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ አቧራ አስነጥሶኝ ሲያልፍ ደረቅ ነበርኩ። ወላሂ፣ ደንበኛዬ ፊት እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ያን ቀን ካየሁ በኋላ ነው ለጎረቤቴ የነገርኳት። እሷ ሁለተኛው ዓይነት ናት፤ ድንገት የሚያጣድፈው። ሴት ልጇ ያገባችው ኮምቦልቻ ነው። ወደዚያ በሚወስደው የሐርጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሽንት ያጣድፈኛል ብላ ልጇን መጠየቅ አቁማ ነበር። ልጇ ደግሞ እናቴ ባሌን ጠላችው ብላ ታዝን ነበር። አየሽ ነገሩ የት የት እንደሚደርስ!

አብረን ሄድን። ለእሷ የተሰጠው ሥራ ከእኔ ይለያል። መጀመሪያ ለ3 ቀን ስንት ጊዜ እንደምትሸናና ስንት ጊዜ እንደሚያመልጣት መዝግቢ ተባለች። ጎረቤቴ ፊደል አልቆጠረችም። ልጅቷ ሳትናገር እሷው ዘዴውን አመጣችው፦ ለሸናችበት ባቄላ፣ ላመለጣት ሽምብራ፣ በየቀኑ በአንድ ስኒ። ሦስቱን ስኒ በነጠላ ቋጥራ ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ቆጠሩት። ፊዚዮቴራፒስቷ ከማንም ደብተር ይህ ይበልጣል አለች። አብዛኛው ሰው ቀን ከ6 እስከ 8 ጊዜ ገደማ ይሸናል። የጎረቤቴ ባቄላ ከዚህ እጥፍ ይጠጋ ነበር፤ ግማሹ «ምናልባት» እያለች ሳይመጣባት የሄደችው ነው። እንዲህ ስታደርጊ ፊኛው ጥቂት ይዞ መጮህ ይለምዳል።

መድኃኒቱ ቀስ እያሉ ማስታገስ ነው። ሽንት ድንገት ሲያጣድፍ አትሩጪ፤ ሩጫ ያባብሰዋል። ቁሚ ወይም ተቀመጪ፣ ያንኑ ጡንቻ ፈጠን ፈጠን አድርገሽ ደጋግመሽ ሳቢ፣ ተንፍሺ፣ አእምሮሽን ሌላ ነገር ላይ ጣዪ። ጥድፊያው ከፍ ብሎ መልሶ ዝቅ ይላል። ሲበርድ በእርጋታ ሂጂ። በሽንትና በሽንት መካከል ያለውን ጊዜም በ15 ደቂቃ፣ ሲለመድ በሌላ 15 ደቂቃ እየጨመሩ ወደ 3 ሰዓት ገደማ ማድረስ ነው። ጎረቤቴ አሁን ኮምቦልቻ ትሄዳለች። ሚኒባስ ውስጥ ዝም ስትል ምን እየሠራች እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ የቡናው ጉዳይ መጣ። ቡና ፊኛን ይቆጣዋል፤ በተለይ እንደ ጎረቤቴ ላለች። ሻይና ለስላሳ ውስጥም ካፌይን አለ። ወሎ ላይ ለሰው ቡና ቀንሺ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። አቦል ጠጥተሽ በረካ ሳትቀምሺ ብትነሺ ምርቃቱ ሊያመልጥሽ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷም የወሎ ልጅ ናትና አልከለከለችም። «በረካውን ይቅመሱ፣ ስኒው ግን ጎዶሎ ይሁን» አለች። ጎረቤቴ አሁን አቦልን ትጠጣለች፣ ሌሎቹን በሲኒው ጫፍ ትነካካለች። ማንም አልተቀየማትም።

ውሃ መጠጣት ማቆም ግን አይደለም። ገበያ የምንውል ሴቶች ሽንት ቤት ስለሌለ እስከ ማታ ጉሮሯችንን አናርስም። ሽንት ሲወፍር ፊኛውን ያቃጥለዋል፣ ጥድፊያውን ያባብሰዋል፤ ሆድም ይደርቃል። ድርቀት ካለብሽ ተልባ፣ ጎመን፣ የገብስ ነገርና ውሃ ይረዳሉ። በረመዳን ውሃውን ከኢፍጣር እስከ ሱሁር እየከፋፈልሽ ጠጪ፤ ልትተኚ ስትዪ አንድ ጆግ አትገልብጪ። ገበያው ሽንት ቤት ያስፈልገዋል፤ ይህን ሕክምና አይፈታውም፣ ግን ካልተናገርነው ማን ይናገርልናል።

አሁን ያለሁበትን እውነቱን ልንገርሽ። ጉንፋን ክፉኛ ከያዘኝና ፊኛዬ ከሞላ ጠብታ አለ። ሌላው ሄዷል። ስፖርቱን ካቆምኩ ይመለሳል፤ ስለዚህ አላቆምም። ሁሉም ሴት በዚህ ብቻ አትድንም። ማህፀን ከወረደ በብልት ውስጥ ገብቶ የሚደግፍ የጎማ ቀለበት አለ፤ ቀዶ ሕክምናም አለ። ለአጣዳፊው ዓይነት ክኒን አለ። ሽንት ውስጥ ደም ካየሽ፣ እየሞላ መሽናት ካቃተሽ፣ ወይም በመቀመጫሽና በእግርሽ መሃል መደንዘዝ ከመጣ ግን ስፖርት አትጀምሪ፤ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ነፍሰ ጡሮች ከወዲሁ ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ኋላ የሚመጣውን ይቀንሳል። አራሷም ችግር ሳይገጥማት ከወለደች፣ ሕመሙ ሲበርድላት ከጥቂት ቀን ጀምሮ ቀስ ብላ መሳብ ትችላለች። ትልቋ ልጄ ስትወልድ አራስ ጥሪዋ ላይ ከገንፎው ቀጥሎ የሰጠኋት ምክር ይህ ነው። አፍራ ፊቷን አዞረች። ማታ ግን «እማ፣ ስንት ሰከንድ ነበር ያልሽው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ብዙ ሴት የምትጠይቀኝ ካርድ ክፍል ምን ልበል ብላ ነው። ሰልፉ ላይ ሁሉ እየሰማ «ሽንት ያመልጠኛል» ማለት ይከብዳል። «የማህፀን ሐኪም» በዪ፤ ይበቃል። ውስጥ ስትገቢ ግን አትሸፋፍኚው፤ «ስስል ያመልጠኛል» ወይም «ሳልደርስ ይቀድመኛል» ብለሽ በዚሁ ቃል ተናገሪ። ፊዚዮቴራፒ እንዳለ ጠይቂ፤ ሳትጠይቂ ላይነግሩሽ ይችላሉ። በአካባቢሽ ከሌለ ሪፈር እንዲጽፉልሽ አድርጊ። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆችም የት እንደሚኬድ ይጠቁማሉ። የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዢ። ቅያሪ ልብስና ሞዴስ ያዢ። ደግሞ ሽንትሽን ቤት ጨርሰሽ አትሂጂ፤ ለምርመራ ይፈልጉታል።